ሁለቱ ሸክላዎችሽ

ለባለቤቴ ለአስቴር፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ መጻፍ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በጊዜው በአፌ ልነግርሽ የሚገባኝን ስላልነገርኩሽ ግን ሌላ መንገድ አጣሁ።

ቤቱ ደህና ነው። የኩሽናውን ቧንቧ ራሴ ሠራሁት። ልጃችን ሩት ሰው እንጥራ ብትለኝ እንቢ አልኩ። እንደ ልማዴ መጽሐፍ አይቼ ነው የሠራሁት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ አሁንም ትንሽ ያንጠባጥባል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ሙዚቃ ሸክላዎቹ ነው። ለሥራሽ ሮቢንስዴል ከተማ እየሄድሽ ትንከባከቢያቸው የነበሩት ሽማግሌ ሙዚቀኛ፣ ሽፋኑ ላይ ስምሽን በእጃቸው ጽፈው የሰጡሽ ሁለቱ። ካንትሪ የሚባለውን የገጠር ሙዚቃ ከሮክ ጋር መጀመሪያ ካዋሃዱት አንዱ እንደነበሩ፣ ሚስታቸው ጥላቸው ስትሄድ ከባንዳቸው ወጥተው እነዚህን ብቻቸውን እንደሠሩ፣ ያኔ ገዢ እንዳላገኙ በጉጉት ስትነግሪኝ አላስጨረስኩሽም። በአማኝ ቤት ዘፈን አይገባም አልኩ። አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ወስጄ ዌስት ሴንት ፖል ላለው አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሰጠኋቸው። ስትመለሺ «የት አደረስካቸው?» ብቻ አልሽኝ። ነገርኩሽ። ኮትሽን ሰቅለሽ ራት ማቅረብ ጀመርሽ። ያን ቀን ብትጮኺብኝ ኖሮ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሳህን ስታጥቢ አንድ ዜማ ታንጎራጉሪ ነበር። እኔ ስገባ ታቆሚያለሽ። መዝሙር መስሎኝ፣ በድምፅሽ አፍረሽ የምታቆሚ መስሎኝ ኖርኩ። ወደ ጌታ ከሄድሽ በኋላ እኔም መኪና ውስጥ አንጎራጉረው ጀመር። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን የየትኛው መዝሙር ዜማ ነው ብዬ ብጠይቅ የሚያውቀው ጠፋ።

ባለፈው ወር ሩትን ሥራ ሳደርስ ሰማችኝና ሳቀች። «ዳዲ፣ አንተ ነህ ይህን የምትዘፍነው?» ብላ ከስልኳ ከፈተችው። ስልኩ ላይ የሽማግሌው ስም ተጽፎ ነበር። ዛሬ ወጣቶች እነዚያን አልበሞች ፈልገው ይሰማሉ አለችኝ። በዘፈኑ ሚስታቸውን «አጠገቤ ሳለሽ አልሰማሁሽም» እያሉ ይለምናሉ። እንግሊዝኛን ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት፤ ሆኖም አንድ ቃል አላመለጠኝም። መኪናውን ዳር ላይ አቆምኩ።

ሽማግሌው በቀብርሽ ቀን በተሽከርካሪ ወንበር መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሰላም ሳልላቸው ነው የወጣሁት። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ሁለተኛውን ሸክላ ወዳው ነበር?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። እኔ ግን ጠይቄሽ አላውቅም።

ስለ ዘፈን ያለኝን ሐሳብ አልቀየርኩም፤ አንቺን ለማስደሰት ብዬ አልዋሽም። አንቺን ግን በድያለሁ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ አሮጌ ዕቃ መሸጫ እሄዳለሁ፤ ስምሽ ያለበትን ፍለጋ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አገላብጣለሁ። ካገኘኋቸው ከመጽሐፍ ቅዱስሽ አጠገብ አኖራቸዋለሁ። ባላገኛቸውም ዜማሽ እኔ ዘንድ አለ። ሳህን ሳጥብ አንጎራጉረዋለሁ፤ ሰው ቢገባም አላቆምም።