ከቀብሩ በኋላ ስለ ተደገሰው ሰርግ፣ ለፊልም ሐያሲው ለጓድ አምሐ

ንፋስ ስልክ፣ ኅዳር 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለጓድ አምሐ፣
የጋዜጣው የፊልም ዓምድ አዘጋጅ

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ የተሟላ፣ ዓይንዎ የጠራ፣ ወገብዎም አንድን ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ለማየት የሚችል ይሆንልዎት ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የመጨረሻውን ምኞት ለምን እንደጨመርሁበት ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱታል፤ ወደ ታች የሚያነቡ ከሆነ።

እኔ ጠላት ከመግባቱ በፊት በልጃገረዶች ትምህርት ቤት የተማርሁ አሮጊት ነኝ። መምህርታችን፣ መጽሐፉን ሳትጨርስ ስለ መጽሐፉ አስተያየት የምትሰጥ ተማሪ ስታገኝ፣ ግድግዳ ሥር ቆማ እንድትጨርሰው ታደርግ ነበር። እርስዎ እንዲህ ያለች መምህርት ስላልገጠመችዎት ጉልበትዎ አልተጎዳም፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

የምጽፍልዎት ስለ አንዲት ጓደኛዬ ነው። ስሟን አልጠቅስም፤ ስሟ በጋዜጣ ላይ እንዲወጣ የምትወድ ሴት አይደለችም። ለብዙ ዓመታት እሑድ እሑድ ከላፍቶ በኩል እርሻውን አቋርጣ በእግሯ ትመጣና አብረን በአውቶቡስ ወደ ሲኒማ ቤት እንሄድ ነበር። እርሷ የፈረንጅ ፊደል ስለማታነብ፣ ከሥዕሉ ግርጌ የሚወጣውን ጽሑፍ እኔ በሹክሹክታ እተረጉምላታለሁ። ከኋላችን የሚቀመጡትም «እማማ፣ ትንሽ ጮክ ይበሉልን» ይሉኝ ነበር። አሁን ጓደኛዬ መምጣት አቁማለች። ልትመለስ የምትችለው እርስዎ አንዲት መስመር የጻፉ እንደሆነ ነው። ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ፤ ቅደም ተከተል ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

አንደኛ፦ በዓምድዎ ላይ ለሚያወጧቸው ፍርዶች ምስጋናዬ ይድረስዎ። የህንዱን ፊልም «ጠንካራና ደካማ ጎኖች ያሉት» አሉት። የቡልጋሪያውን «በአጠቃላይ መካከለኛ» አሉት። ስለ መርከበኞቹ የሚተርከውንም «ባይታይ የሚቀር ነገር የለም» አሉት። እውነትዎን ነው፤ ሦስቱም መካከለኞች ነበሩ። ነገር ግን መካከለኛ ፊልም ምን እንደሚጠቅም የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። በጣም ጥሩ ፊልም ያየን ዕለት እኔና ጓደኛዬ ዝም ብለን እንመለሳለን። መጥፎ ፊልም ያየን ዕለት ደግሞ ነገሩ ገና አውቶቡስ ስንጠብቅ በአንድ ቃል ያልቃል። መካከለኛ ፊልም ግን ቤታችን ድረስ ያደርሰናል። እርሷ «ልጅቷ ምን ነካት ብለሽ ነው?» ትላለች፣ እኔ «አባትዬው ነው ያበላሻት» እላለሁ፣ እንዲህ ስንከራከር መውረጃችን አልፎን የሄደበት ጊዜ አለ። እርስዎ «ባይታይ የሚቀር ነገር የለም» ሲሉ፣ በእኔ በኩል የሚቀረውን ነገር ሳያስቡት ነው።

ሁለተኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ፤ እርሱም ስለ ድልድይ ጠባቂው ያየነው ፊልም ነው። ያን እሑድ እርስዎም በክብር ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው አይቼዎታለሁ። በዚያ ፊልም ላይ ድልድይ ጠባቂው ወንዝ ውስጥ ገብቶ ሞተ፤ ተቀበረም። ወዲያው ደግሞ ኮቱን አስተካክሎ ሰርጉን ደገሰ። ጓደኛዬ ለሹክሹክታ በማይመች ድምፅ «ውይ ብርነሽ፣ ይህን ሰውዬ ቀብረነው አልነበረም እንዴ?» ብትል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም፤ እየጻፉ ነበር።

የጻፉትንም በጋዜጣው አነበብሁት። ሟቹ ከቀብሩ በኋላ ሰርጉን መደገሱ «የሠርቶ አደሩ መንፈስ ሞትን አሸንፎ ወደ አዲስ ሕይወት መሸጋገሩን በጥልቅ ያመለክታል» ብለዋል። የፊልሙን አዘጋጅም «ጊዜን በድፍረት ስላገላበጠው» አመስግነውታል። የድፍረቱን ባለቤት ለማወቅ ሲኒማ ቤቱ ድረስ ሄጄ የማሳያ ክፍሉን ሠራተኛ ጠየቅሁት። ፊልሙ በዚያ ቀን በሁለት ሲኒማ ቤቶች ይታይ ስለነበረ፣ የፊልሙን ጥቅሎች ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልሰው ሞተር ብስክሌት መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ ኖሯል። ሠራተኛው ሰው እንዳያፏጭበት ፈርቶ፣ ሰርጉ ያለበት ጥቅል እስኪደርስ ቀብሩ ያለበትን አስቀደመው። ጊዜን በድፍረት ያገላበጠው እንግዲህ ጎማው ነው።

በተጨማሪም «የሚስቲቱ ዕጣ ምን እንደሆነ ፊልሙ ሳይነግረን ይቀራል» ብለዋል። ጓድ አምሐ፣ ይነግረናል። ለዕረፍት መብራቱ በርቶ ሰዉ ለስላሳ ሊገዛ ሲወጣ እርስዎ ባርኔጣዎን ይዘው እንደወጡ አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ ሚስቲቱ ነበር። የባሏን ሥራ ተረክባ ማታ ማታ የድልድዩን ፋኖስ ታበራለች፤ እያበራችም ስለ ክሩ ማጠር ከሟቹ ጋር ትጨቃጨቃለች። ሙዚቃው ይጮኻል፣ ድልድዩም ከሚገባው በላይ ይታያል፤ መካከለኛ ነው ካሉ አልከራከርዎትም። ሆኖም ጓደኛዬ እዚያ ላይ እጄን ይዛ አልለቀቀችኝም።

ሦስተኛ፦ በሚቀጥለው እሑድ ስንመለስ፣ ጋዜጣውን ይዤ ስለነበረ አውቶቡስ ውስጥ ጽሑፍዎን አነበብሁላት። አንብቤም «ይህ ጋዜጣ የጻፈው ውሸት ነው» አልሁ። የእኔ ድምፅ ክፍል ውስጥ እንዲሰማ ሆኖ የሠለጠነ ድምፅ ነው። አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ አየን፤ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እርሷን። በቀብሩና በሰርጉ አዳራሹን ሁሉ ያሳቀችው ጓደኛዬ፣ እንደ እኔ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ጋዜጣው ያለው ነው ልክ። እኔም ያየሁት እንደዚያው ነው» አለች።

አልተቀየምኋትም። ልጇ ከቆየበት ስፍራ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ገና ዓመት አልሞላውም። የት እንደቆየ አልጽፍም፤ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎትና የማይጻፈውን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። መውረጃችን ስንደርስ «ደህና ሁኚ» አለችኝ። ሁልጊዜ «እስከ እሑድ» ነበር የምንባባለው።

ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ስኳር ለመግዛት ቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ስንገናኝ ስለ ጤናዬ ትጠይቀኛለች፣ ስለ ዝናቡም እናወራለን። ስለ ፊልም አናነሳም።

አራተኛ፦ ስለዚህ የምለምንዎት ትንሽ ነገር ነው። በዓምድዎ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደልም ቢሆን፣ «በዚያ እሑድ የታየው ፊልም የጥቅሎቹ ቅደም ተከተል ተዛብቶ ነበር» የሚል አንድ መስመር ያውጡልኝ። እኔ ጋዜጣውን ባርመው ጓደኛዬን ያስፈራታል፤ ጋዜጣው ራሱን ቢያርም ግን ያን ዕለት በዓይኗ ያየችውን አይታለች ማለት ይሆናል፤ እርሷም አውቶቡስ ውስጥ ጮክ ብላ ልትናገረው ትችላለች። መንፈሱንና አዲሱን ሕይወት እንዳለ ይተዉት፤ እርሱን አልነካብዎትም።

ለዚህ የሚሆን ቦታ በጋዜጣው ከጠፋ፣ ይህን ደብዳቤ ከሲኒማ ቤቱ የትኬት መስኮት አጠገብ፣ የሚመጣው ፊልም ሥዕል በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ እለጥፈዋለሁ። እዚያ የሚያልፍ ሰው ከዓምድዎ አንባቢ ይበዛል ብዬ አላስብም፤ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ግን አይጠፋበትም።

ስሜንና ሰፈሬን በሙሉ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። ቤቴ ውስጥ በእኔ ምክንያት የሚጠየቅ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።

ብዕርዎን ለምልክት፣ ዓይንዎን ለዕረፍት፣ ወንበርዎን ለባርኔጣዎ ያደረጉበትን ትጋት ሁልጊዜ የማደንቅ፣ ሳያዩ የሚጽፉትን ሳልዘል የማነብ፣

አክባሪዎ
ብርነሽ ማሞ
ከንፋስ ስልክ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው እሑድ ብቻዬን ሄጄ ነበር። ከልማድ የተነሣ ግርጌውን ለግራ ወንበሬ ስተረጉም ቆይቼ፣ በቀኜ የነበረችው ሴት ተነሥታ ቦታ ስትቀይር ነው የነቃሁት። ጓደኛዬ እስክትመለስ ያ ወንበር ባዶ ነው። አንድን ፊልም ሙሉውን ማየት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የፈለጉ እንደሆነ መጥተው ይቀመጡበት፤ እተረጉምልዎታለሁ። ባርኔጣዎን ግን መብራቱ ለመጨረሻ ጊዜ እስኪበራ እኔ እይዝልዎታለሁ።