የአውሮፕላኑ ክር

ሰኔ 4 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ጭስ ቆጣሪዬ፣ የኔ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ ደህና ነን። አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ምን እንደምጽፍልሽ ሲጠይቀኝ፣ የአየሩን ሁኔታ ነው ብዬዋለሁ። ድሮ ቢሆን አንገቱን አስግጎ ያነብብኝ ነበር።

አሁን አያነብም። በስልክ እንዳልነግርሽ ከጎኔ አይጠፋም፣ ለአንቺ እንዳልናገርም አስምሎኛል፤ መሐላዬን ግን ዛሬ አፈረስኩት። ዓይኑ እየሄደ ነው። ሐኪሟ የሚመልሰው መድኃኒት የለም አለችን። ዓመቱ ሳያልቅ ብርሃንና ጨለማ ይለይ እንደሆነ እንጂ ፊት አይለይም። ከሷ ስንመለስ ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ መሪ ጨብጦ በተመላለሰበት መንገድ ተሳፋሪ ሆኖ፣ የመስኮቱን ወንበር ለእኔ ለቀቀልኝ።

የላክሽልን ሥዕል አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። ሰው ያንኑ መንገድ በአውሮፕላን፣ ብቻውን በመኪና፣ በባቡር ወይም በሞላ አውቶቡስ ሲሄድ በነፍስ ወከፍ የሚደርሰውን ጭስ ያወዳደርሽበት ማለቴ ነው። የአውሮፕላኑ መስመር ረጅም፣ የአውቶቡሱ አጭር መሆኑን ያየ ቀን አባትሽን ማን ይቻለው! ጋራዥ ድረስ ይዞት ሄዶ፣ በአውቶቡሱ ጭስ ሲያሾፉበት ለኖሩት መካኒኮች ሁሉ፣ ልጄ መሰከረችልኝ እያለ አሳየ።

ባለፈው ወር ግን ፊቱን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ «አውቶቡሴን ማን ፋቃት?» አለኝ። ማንም አልፋቃትም። አጭሯ መስመር ቀድማ ጠፋችበት እንጂ።

እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? መስመሮችሽን በሜትሬ ለክቼ በተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ ላይ በወፍራም ክር ሰፋሁለት። አሁን በጣቱ ያነበዋል። አውቶቡሱ ላይ ፈገግ ይላል፣ ባቡሩን፣ ክሩ ከአውቶቡሱ ስለሚቀራረብ፣ ጎረቤቴ ይለዋል። አውሮፕላኑ ላይ ሲደርስ ጣቱ ይዘገያል፤ እሱም እንደኔ የሚያስበው አንቺን ነው።

ቅዳሜ ሲያሸልብ የአውሮፕላኑን ክር ግማሹን ተረተርኩት። ስለ ጭሱ ብለሽ በአውሮፕላን አልሳፈርም ማለትሽን አልናቅኩም፤ ደግሞም ገብቶኛል። ግን ናፍቆት ሞኝ ያደርጋል፣ ክሩ ቢያጥር አንቺም የምትቀርቢ መሰለኝ።

ገና ከመንቃቱ ጣቱ ደረሰበት። ብል በልቶት ይሆናል አልኩት። ብሉ መቀስ መያዝ ከየት ተማረ ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «መልሰሽ ስፊው። የልጄን ሥራ አታበላሺብኝ» አለ።

መልሼ መስፋት ጀመርኩ። መርፌውን እየሰካሁ ሳለ፣ ካለሽበት እስከዚህ በመርከብና በባቡር፣ የቀረውን በአውቶቡስ ብትመጪ ምን ያህል እንደሚፈጅ ጠየቀኝ። ወር ሳይፈጅ አይቀርም አልኩት። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው።

«እንግዲያው ቶሎ ብትነሳ ጥሩ ነበር» አለ።

እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም፣ ልጄ። በምን እንደምትመጪ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በረጅሙ ክርም ይሁን በአጭሩ፣ አልፈርድብሽም። አለቃሽ ፈቃድ ከከለከለሽ ለምኚው። ብቻ አፈር ስሆን ተነሺ። ስትገቢ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂጂ፤ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ቁሚለት፣ ብርሃኑ ሲያርፍብሽ ይሻለዋል። ሻንጣሽን እኔ እቀበልሻለሁ።

እኔማ ግድ የለም፣ ድምፅሽ ይበቃኛል እያልኩሽ ነው የኖርኩት። ውሸቴን ነው።

አባትሽ፣ የአየሩ ወሬ ገና አላለቀም እንዴ እያለኝ ነው። አልቋል ልበለው።

የምትረግጪውን መንገድ ሁሉ ያለስልስልሽ፤ አብሮሽ የሚሳፈረው ሁሉ ደግ ሰው ይሁንልሽ።

በር በሩን የምታይ እናትሽ