የብሩዥን ደጃፍ ስመው የእማሆይን ጎጆ ለሚያፈርሱት ሹም

ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.
ዋንዛ በር፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ

ለክቡር ቀኛዝማች ላቀው፣
የዋንዛ በር ከተማ ሹም፣ የጽዳትና የውበት አባት፣ የባሕር ማዶ መንገደኛ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ የማይጎድል ጤና፣ ለቤተሰብዎ ሰላም፣ ለበቅሎዎም ጥጋብ እየተመኘሁ፣ ባለፈው ሰኔ በቤልጅክ አገር፣ ብሩዥ በሚባለው ከተማ በጀልባ ስንሄድ የያዘዎት ጉንፋን ጨርሶ ለቅቆዎት እንደሆነ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ያን ጊዜ አስተርጓሚ ሆኜ የተከተልኩዎት የዋንዛ በር ትምህርት ቤት መምህር ክንፈሚካኤል እጅጉ፣ ከእንቅልፌ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ በገበያው መካከል ካለው የዋንዛ ግንድ ላይ የለጠፍኩት ድፍረት ይዞኝ አይደለም። የክቡርነትዎ ትእዛዝ የተለጠፈው እዚያው ግንድ ላይ ስለሆነ መልሱ ከትእዛዙ እንዳይርቅ ብዬ ነው። ማንበብ ለማይችል ገበያተኛም ዲያቆን ገብረሰንበት ቆሞ እንዲያነብለት ለምኜዋለሁ፤ የዲያቆኑን ድምፅ መቼም ክቡርነትዎ ያውቁታል፣ ቅዳሜ ገበያ ጩኸቱ አያሸንፈውም።

ትእዛዝዎ እንዲህ ይላል። ለመጪው ጥምቀት የቤልጅክ እንግዶች ስለሚመጡ፣ በኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ያሉት የመነኮሳይት የሣር ጎጆዎች የከተማውን መልክ ስለሚያበላሹ ከገና በፊት ይፍረሱ፤ ቦታው ድንጋይ ተነጥፎበት፣ አበባ ተተክሎበት፣ የሰዓት ማማ ይቁምበት፤ መነኮሳይቱም ከወፍጮው ማዶ በወንዙ ዳር ይስፈሩ። ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱ ጎጆዎች ፈርሰዋል። ከቀሩት አንደኛው የአክስቴ የእማሆይ አስካለ ማርያም ነው። እንግዲህ ይህን ሰምቶ «ለዘመዱ ሊሟገት ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ አዎን፣ ለዘመዴ ልሟገት ነው! ለዘመዱ ያልተሟገተ ለማን ይሟገታል?

ክቡርነትዎ ሥርዓት ስለሚወዱ ነገሬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለ ዓይንዎ ላመስግን። የብሩዥን ከተማ እንደ እርስዎ የተመለከተ መንገደኛ ያለ አይመስለኝም። የቤቱ ጡብ ከእርጅና ብዛት የጠቆረ፣ ግንባሩ እንደ ደረጃ ወደ ላይ የተከመረ፤ በመንደሩ መካከል ውሃ ተኝቶ፣ በላዩ አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ይንሳፈፋሉ። ወፎቹ ይበሉ እንደሆነ እንድጠይቅልዎ አዘዙኝ፤ ጠየቅሁ፤ ሰዎቹም ደነገጡ። የደወሉን ግንብ ስንወጣ እግርዎ ቢዝልብዎ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው «ይህን የሠራ ሰው ጠላት ነበረበት መሰለኝ» ሲሉ ሁላችንንም አሳቁን። ከላይ ደርሰው ከተማውን ቁልቁል ሲያዩ ግን ሳቁ ጠፋ። «ይህ ሁሉ አሮጌ ቤት እንዴት ሳይፈርስ ቀረ?» ብለው ጠየቁ። መሪያችን የነበረው ሰውም ማፍረስ እንደማይፈቀድ፣ ባለቤቱ እንኳ መስኮቱን ለመለወጥ ማስፈቀድ እንዳለበት ነገረዎት። ክቡርነትዎ ራስዎን እየነቀነቁ «ሥልጣኔ ማለት ይህ ነው!» አሉ፤ እኔም ተረጎምኩ። ከዚያ ግንብ ላይ ከታየው ሁሉ ሰዓቱን ብቻ ይዘው መምጣትዎን ግን ያወቅሁት ትእዛዙ ሲለጠፍ ነው።

ሁለተኛ። ስለ ትሕትናዎ ላመስግን፤ ይህን ዋንዛ በር አልሰማምና ይስማልኝ። በማግስቱ መሪያችን በድንጋይ ድልድይ አሻግሮ ወደ አንድ ግቢ ወሰደን። በረጃጅም ዛፎች ሥር፣ በሣር መስክ ዙሪያ፣ በኖራ የተለሰኑ ትንንሽ ቤቶች በቤተ ክርስቲያን ጥግ ተሰልፈዋል። ባል የሞተባቸው፣ ዓለም በቃን ያሉ ሴቶች በጸሎትና በእጅ ሥራ የኖሩበት ሰፈር ነው፤ ከተመሠረተ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል አሉን። ክቡርነትዎ ይህን እንደሰሙ ከበሩ ላይ ቆሙና ጫማዎን አወለቁ። መሪያችን እግርዎን ያመመዎት መስሎት ወንበር ፍለጋ ሮጠ። ኧረ ምን ወንበር! እርስዎ ደጃፉን በግንባርዎ ነክተው፣ ስመው፣ በባዶ እግርዎ ገቡ። ፈረንጆቹ ግራ ተጋቡ፤ እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት በእርስዎ ኮራሁ።

አንዲት በዕድሜ የጎበጡ እናት ከቤታቸው ወጥተው ባዶ እግርዎን አዩ። ድሀ መንገደኛ መስለዋቸው ነው መሰለኝ፣ ተመልሰው ገብተው አንድ ሙልሙል ዳቦ አመጡልዎ። እርስዎ ደግሞ ጸበል ጻድቅ መስሎዎት በሁለት እጅዎ ተቀበሉ። ጾመ ሐዋርያት ነበርና፣ ቅቤ ይኖርበታል ብለው ሳይቀምሱ በመሐረብዎ ቋጥረው ዋንዛ በር ድረስ ይዘውት መጡ። በሐምሌ ኪዳነ ምሕረት ዕለት ለመነኮሳይቱ በእጅዎ ሲያድሉ፣ ካህናቱ «የካቶሊክ ዳቦ» ብለው አጉረመረሙ። አክስቴ ግን ቁራሿን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «የሰጡት እናት ሃይማኖቱን ጠይቀው አልሰጡት፤ ብድራቸው እኔ ላይ ይሁን» አሉ። ያቺ ቁራሽ እንደ ድንጋይ ደርቃ እስከ ዛሬ ከጎጆው ማገር ላይ ተሰቅላለች። ከገና በፊት ከማገሩ ጋር ትወርዳለች ማለት ነው።

ሦስተኛ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነውና ገበያተኛው ትንሽ ይጠጋ። ዳቦውን እንደተቀበሉ ክቡርነትዎ ደስታ አሸነፈዎትና እንዲህ አሉ፦ «ንገራቸው! እኛም አገር እንዲህ ያሉ እናቶች አሉን፤ ከእነዚህ የቀደሙ። እኔ በተሾምኩበት ከተማ በቤተ ክርስቲያን ጥግ ይኖራሉ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃቸው።» እኔ በፈረንሳይኛ ነገርኩ፤ መሪያችን ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ ፍላማንድኛ መለሰው፤ አሮጊቷ እናትም አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ጉራዎ በሦስት ቋንቋ ሲሻገር አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። የከተማው ሹማምንት ያን ጊዜ ነው «እንግዲያስ መጥተን እናያቸዋለን» ብለው ቃል የሰጡት። አሁን ለጥምቀት የሚመጡት እኮ እነዚያው ናቸው! ሰዓት አይተው የማያውቁ ሰዎች አይደሉም። የሚመጡት የእርስዎን የዓይን ብሌኖች ለማየት ነው።

አራተኛ። ብሩዥ ላይ ከደጃፏ ተቀምጣ ዳንቴል የምትሠራ ሴት አጠገብ ወንበር ስበው ቡናዎ እስኪቀዘቅዝ ጣቷን ሲያዩ የነበሩት ሹም፣ ዋንዛ በር ሲገቡ «በመንገድ ዳር ተቀምጦ ጥጥ መፍተል ክልክል ነው» ማለትዎን ሰምተን በጣም ተደስተናል።

አምስተኛ። ስለተሰጠው ምትክ ቦታ። ከወፍጮው ማዶ ያለው መሬት ሰፊ ነው፣ ውሃም ቅርቡ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ውሃው ራሱ እቤት ድረስ ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል፤ የኪዳነ ምሕረት ደወል እዚያ አይሰማም። አክስቴ ባላቸው ሞተው ቆብ የጫኑ ጊዜ «ደወሏ ከማይሰማበት ላላድር» ብለው በታቦቷ ፊት ቃል ገብተዋል። ጎጆዋን የሠራላቸው የደብሩ ሰው ነው፣ በደቦ፤ አንዱ ወጋግራ አመጣ፣ አንዱ ሣር አጨደ። ክቡርነትዎ ረስተውት እንደሆነ ነው እንጂ ጉልላቷን የሰቀሉት አባትዎ ናቸው። ትእዛዙን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አላለቀሱም። እንዝርታቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ እኔ እዚህ የመጣሁት ለመኖር መች ሆነና፤ ለመቀበር ነው። ቀኛዝማች ይህን አጥተውት ነው?» አሉኝ። እኔ አስተርጓሚ እንጂ መላሽ አይደለሁም። ወጥቼ ከቅጥሩ ሥር ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም ለመናገር አላፍርም።

ባለፈው ማክሰኞ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሁለቱ እናቶች ያለ መጠጊያ እንዳልቀሩ ሳበሥርዎ ደስ ይለኛል። ነጋዴው አያ ዑስማን የጨርቅ ማከማቻውን አጽድቶ አስገብቷቸዋል። ለምን ብለው የጠየቁትን «እናት ሜዳ ላይ ስታድር አይቼ የጁምዓ ሶላቴን በምን ዓይኔ እሰግዳለሁ?» አላቸው። እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ጣሪያ ሥር ያሳደረ ሹም እንደ እርስዎ አላየንም፤ እግዜር ይስጥልን። ማከማቻዋ ግን ጠባብ ናት፣ ሦስተኛ ሰው አትይዝም።

ስድስተኛ። ባለፈው ዓርብ በጸሐፊዎ በኩል «አፉን ይያዝ፤ አለዚያ ትምህርት ቤቱን ለቆ ከአውራጃው ይውጣ» ብለው የላኩብኝ ምክር በክብር ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ከአልጋዬ እነሣለሁ፤ ባለቤቴ እናኑም ልብሳችንን በአቁማዳ አስራ ከበሩ አጠገብ አስቀምጣለች። «ከተባረርን ተዘጋጅተን እንባረር» ትላለች፤ ሴት ወይዘሮ ናት። እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ፈርቼም ጻፍኩ።

የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላል ያገራችን ሰው። ማማዎ ይቁም፣ አበባዎም ይተከል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው የከብት ገበያ ባዶ ነው፣ ሰዓቱ ከዚያም ይታያል። እነዚያን ጎጆዎች ግን ይተዉልን፤ የፈረሱትንም ሣሩን እኛ እናመጣለን፣ በደቦ እንመልሳቸዋለን። እርስዎ ያን ዕለት የቤልጅክን ደጃፍ እንደሳሙ አንድ ጊዜ ብቻ ጫማዎን አውልቀው በአክስቴ ደጃፍ ጎንበስ ይበሉ። ጎንበስ ሲሉ ጉልላቱን አያዩትም፤ ቀና ሲሉ ግን ያዩታል፣ የአባትዎ እጅ ነው።

እንግዲህ ሹመትዎን ያዳብርልን፤ እንደ ብሩዥ ግንብ ከፍ ብለው ቁልቁል ከማየት ለአንድ ቀን አሳርፎ እንደኛ ከታች ወደ ላይ እንዲያዩ ያድርግልን እያልኩ፣ ትእዛዝዎ ከተለጠፈበት ግንድ ሥር ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታማኝ አስተርጓሚ፣
ክንፈሚካኤል እጅጉ

ከማኅተም በኋላ የታወሰኝ፤

በአውራጃው ብቻዬን ፈረንሳይኛ ስለማውቅ፣ ለጥምቀት ለእንግዶቹ እንዳስተረጉም የላኩልኝን ትእዛዝ ተቀብያለሁ። አፌን እንድይዝ በላኩልኝ በሦስተኛው ቀን ስለደረሰኝ የትኛውን ላስቀድም ብዬ ትንሽ ተቸግሬ ነበር፤ ኋላ ግን ቀዳሚውን ረስቼ ለመምጣት ቆርጫለሁ። አክስቴም እንግዶቹ ከየት እንደሚመጡ ሰምተው፣ ከአሁኑ ስንዴ እያበጠሩ ነው። ለዚያች ለብሩዥ እናት የሚላክ ዳቦ ሊጋግሩ ነው፤ ብድር ይዞ መሞት ያስፈራቸዋል። ጎጆዋ ቆማ ከተገኘች ከደጃፏ፣ ፈርሳ ከተገኘች ከፍራሹ ላይ ቆመው በእጃቸው ይሰጣሉ። የፈረሰች እንደሆነ ምን ልበልልዎ ብዬ ብጠይቃቸው፣ ነግረውኛል። «ዳቦውን ላሮጊቷ እናት አድርሱልኝ፤ ግቡ እንዳልላችሁ ቤት የለኝም» በላቸው አሉኝ።

በፈረንሳይኛ ከወዲሁ እየተለማመድኩት ነው።