ላንተ ብቻ የላክሁት ፎቶ

ይድረስ ለምወድህና ለተቀየምኩህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበትክ? ያ ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ በሕይወት አለሁ። እማዬም ደህና ናት፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ያስቸግራታል እንጂ። ሰላምታውን ሳላጓድል የጻፍኩልህ አሳዳጊ የበደላት እንዳልባል ነው፤ ሆዴስ አሯል።

ያ አብሮ አደግህ፣ «ምላጩ» የምንለው ፀጉር አስተካካይ፣ ከሱ ቤት ወጥቼ የራሴን ፀጉር ቤት ስከፍት ምን እንደሠራኝ ታውቃለህ። ፊቴን በኮምፒውተር ቆርጦ፣ በማላውቃት ራቁት ሴት ገላ ላይ ገጥሞ፣ ለደንበኞቼ ሁሉ በስልክ በተነው። ያን ሰሞን ወንበሮቼ ላይ ዝንብ እንኳ አላረፈም። ከሁሉ የባሰብኝ ግን እማዬ የጎረቤት ስልክ ይዛ መጥታ፣ አንቺ ነሽ ወይ ብላ መጠየቋ ነው። የወለደችኝ እናቴ እኮ ናት!

ከሰስኩት። የሱ ጠበቃ አፉን ሞልቶ፣ ሕጉ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፣ ገላውም የሷ አይደለም፣ ታዲያ ምኗ ተነካ አለ። ዳኛዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ረጋ ብለው መለሱለት። ድሮ የሰው ስም የሚጠፋው ግድግዳ ላይ ወረቀት በመለጠፍ ነበር፣ ዛሬ በስልክ ቢለጠፍም የጠፋው ያው የሰው ስም ነው፣ በስም ማጥፋት አንቀጽ ይታያል አሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ግን ቀጠሉና፣ አንቀጹስ አለ፣ የጎደለው ማስረጃ ነው፣ ተከሳሹ ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቷል፣ ፎቶው ከየት ደረሰው አሉ።

ወንድሜ፣ ፊቴን የቆረጠበት ያ ፎቶ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ መስታወት ፊት የተነሳሁት ነው። ላንተ ብቻ ነው የላክሁት። ለኔ በስልክ፣ ምላጩ ለፀጉር ቤቷ ማስታወቂያ ላሠራላት ብሎኝ ሰጠሁት፣ ምን አውቄ አልከኝ። ዐቃቤ ሕጉ ደውሎ ሲጠይቅህ ግን ለማንም አልሰጠሁም አልክ! መታለልህን ይቅር ብያለሁ፣ ማንም ይታለላል። ጓደኛዬን ላሳስር ወይ፣ ተዪው፣ የስልክ ነገር ነገ ይረሳል ያልከኝ ግን ከሆዴ አልወጣም። ለሱ ጓደኛ፣ ለኔ ባዳ ሆንክብኝ። የዘመድ ጥል የሥጋ ትል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ገና አሁን ገባኝ።

ቀጠሮው መጋቢት ሃያ ነው። ዳኛዋ ካለህበት ሆነህ በቪዲዮ ብትመሰክር ይበቃል ብለዋል። ፎቶውን ሰጥቼዋለሁ፣ ይችን ቃል ብቻ ተናገር። ካልተናገርክ እሱ በነጻ ይወጣል፣ እኔም ያቺ ራቁቷን የተነሳችው እየተባልኩ እኖራለሁ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የላከችልኝ ሻርፕ ከአንገቴ አይወርድም። ትልቋን ልጅህን ሳምልኝ፣ ትንሹንም ጆሮውን ቆንጥጠህ ሳምልኝ። እማዬ በብዙ በብዙ ሰላም ትልሃለች። ምስክር ጠፋ ስላት፣ ወንድምሽ ስላልሰማ ነው እንጂ ሥራውን ጥሎ ይደርስልሽ ነበር አለችኝ። ያንተን ነገር አልነገርኳትም።

እህትህ
ከፀጉር ቤቴ፣ የካቲት 17 ቀን