የኢልሃን ጣሳ

ልጄ ላዳን፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ በሰው አገር አያሳፍርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሙቀቱ ግን ዘንድሮ አልተቻለም፤ ቧንቧው ከደረቀ ሰነበተ፣ ውሃ ከጋሪ እየገዛን ነው።

እንዳትደነግጪ፤ ልጅሽን ኢልሃንን ጦጣ ነክሳት ነበር። ክትባቷን ወስዳለች፣ ቁስሉም ደርቋል። አንቺ ልጅ ሳለሽ የምነግርሽን ተረት ነግሬያት ነበር፤ በድርቅ ጊዜ ሰውየው የተጠማችውን ጦጣ ከውሃው ሲያካፍላት፣ እሷም የተደበቀ ምንጭ ያሳየችውን። ታዲያ አንዲት ጦጣ አጥራችን ላይ ብትወጣ፣ ኢልሃን ሮጣ በጣሳ ውሃ አቀረበችላት። ልትዳብሳት ስትል ነከሰቻት። ወንድምሽ፣ "ምን ዓይነት ተረት ነው የምትነግሪያት!" ብሎ ጮኸብኝ።

ጎረቤቶች ደግሞ ሙዝ ውስጥ መርዝ አድርገው ጦጣዋን ገደሏት። ለኢልሃን አልነገርናትም። አሁንም ማታ ማታ ጣሳውን ሞልታ አጥሩ ሥር ታስቀምጣለች። ሌሎቹም ጦጣዎች ውሃ ፍለጋ መጥተው በመርዝ እንዳይሞቱ፣ ሳታየኝ መልሼ ጀሪካኑ ውስጥ እገለብጠዋለሁ። ጠዋት ባዶውን ስታይ፣ "አዬዮ፣ አያቴ፣ ጠጥታለች! ምንጩን ልታሳየን ነው" ትለኛለች።

አላህ ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ስትደውዪ ይህንኑ ትነግርሻለች። አደራሽን፣ ደስ ያለሽ ምሰዪላት።

እናትሽ ፋርሒያ