ሥዕል የሌለበት ወረቀት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእታለም፤

ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው የድራም ንጉሥ ነው። እሺ፣ አገር ማለቴ በዛ። የወጣቶች አዳራሽ ነው፤ ሁለት መቶ ወንበር አለው። ሁሉም ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር አላልኩም። የገዛ እጄ እንደጻፈው ግን እምላለሁ፤ ጠማማነቱን አይተሽ ታምኚያለሽ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ ያስቸግርሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለው? እማዬስ እንዴት ናት? ዛሬም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሁሉ ታምሳለች? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ብየዳ ቤቱም እንዳለ አለ፤ በርና መስኮት እንበይዳለን፣ አለቃዬ ይቆጣል፣ እኔ እስቃለሁ። እስከዛሬ ደብዳቤ ይጽፍልኝ የነበረው ባለሱቅ ግን ጉድ ሠርቶኛል። ሳይላክ የቀረ አንድ ደብዳቤ አግኝቼ ባነበው፣ ያን ሁሉ ያወራሁትን ቀልድ ዘሎ «በጣም ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ብቻ ብሎ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስቃችሁ እንደሞታችሁ ነበር የማስበው።

ወደ ወሬዬ ልግባ። ባንዳችን ስም ወጣለት፤ «የጎረቤት አቤቱታ» ይባላል። አባላቱ የልብስ ማጠቢያ ሳፋሽን ከበሮ ነው ብለን የሰነጠቅንብሽ እነዚያው አራታችን ነን፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልጨመርን። አፍንጫዋን ትጠርጊላት የነበረችው፣ ፉጨት የምንላት፣ ትዘፍናለች። ስልክ የሚጠግነው ቀጭኑ፣ ሽቦ የምንለው፣ ጊታር ይመታል፤ ከጊታሩ የቱ እንደሚከሳ መለየት ያስቸግራል። ዝምተኛው ቤዝ ጊታር ይዟል፤ አሁን የሱቅ ታፔላ ሠዓሊ ሆኗል፣ በቀን ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ አወራ ማለት ነው። ከኋላ ቁጭ ብሎ ሰማይና ምድሩን የሚያናጋው ማን እንደሆነ አልነግርሽም።

ነገር ግን ወንበሬን ከማጣት ለጥቂት ነበር የተረፍኩት። ዘፈኑን የማስጀምረው እኔ ነኝ። እንጨቶቹን አራት ጊዜ አጋጫለሁ፣ ከዚያ ሁሉም ይከተለኛል። የትኛው ዘፈን እንደሚቀጥል የሚነግረኝ እግሬ ሥር የሚለጠፍ ወረቀት ነው። ማንበብ እንደማልችል ከአንቺና ከባለሱቁ በቀር ማን ያውቅ ነበር? ደግነቱ ወረቀቱን የሚጽፈው ዝምተኛው ነው፤ እጁ ስለማያርፍለት ከየዘፈኑ ጎን ትንሽ ሥዕል ይጨምርበታል። ለ«ዝናቡ ሳያልፍ» ዣንጥላ፣ ለ«ሦስተኛ ፎቅ» መሰላል። እኔም ሥዕሉን እያየሁ እንደ ተማረ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

ባለፈው ክረምት በፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ ስንጫወት ግን ዝምተኛው ከሥራ ዘግይቶ መጣና ወረቀቱን ሽቦ ጻፈው። ሥዕል የለ፣ ምን የለ። ገመትኩ። ፉጨት ዓይኗን ጨፍና የስንብት ዘፈን ልትጀምር ስትል እኔ እንደ እሳት አደጋ መኪና ተነሣሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ላብ ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩ። ሽቦም፣ ላብ የማያልበው መቺ አግኝቻለሁ፣ የራሱ ድራም ያለው፤ አንድ ጊዜ ደግመህ ብታበላሽ ወንበሩ የእሱ ነው አለኝ። አልቀለደም። እኔም በዚያው ሳምንት የማታ ትምህርት ገባሁ፤ ለእነሱ ትርፍ ሰዓት እየሠራሁ ነው እላለሁ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው እንግዲህ በወጣቶች አዳራሽ የምንጫወትበት ቀን የደረሰው። ሰባት ዘፈን አዘጋጅተን፣ ወረቀታችንም ከነሥዕሉ ተለጥፎ ሳለ፣ የአዳራሹ ኃላፊ ብቅ አለና ሰዓት የለም፣ አምስት ብቻ ተጫወቱ አለን። የእኛን ወረቀት ቦጭቆ የራሱን ለጠፈልኝ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፊደሉ ጉንዳን የሚያህል። ያ ሌላው መቺ ከፊት ወንበር እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። መጋረጃው ተከፈተ።

ወረቀቱን አየሁት፤ እሱም አየኝ። አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ በከንፈሬ አነበንባለሁ። አዳራሹ ጭጭ አለ፣ አንድ ሰው አሳለ፣ ሽቦ ዞሮ በዓይኑ ገደለኝ። ሕዝቡ ግን ሆን ብለን ልቡን እያንጠለጠልን መስሎት ማጨብጨብ ጀመረ። «ዝናቡ ሳያልፍ» ብዬ ስጨርስ ቤቱ ግሎ ጠበቀኝ። መታሁት! እታለም፣ እንዴት አድርጌ እንደመታሁት! አምስቱንም በየተራቸው አነበብኳቸው፤ ባነበብኩ ቁጥር ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ ጭብጨባ። ያ ሌላው መቺ እንኳን የተነባበረ እግሩን አውርዶ ወለሉን ይመታ ነበር።

ስንወርድ ሽቦ አቅፎኝ፣ ያቺን ዝምታ ከየት አመጣሃት፣ ከእንግዲህ በየዘፈኑ መሀል ትኑር አለ። ወንበሩም ያንተ ነው አለኝ። ኃላፊው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ተመልሰን እንድንጫወት ጠራን፤ ያኔ ሰባቱንም።

ይህን ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ እንደ ባለሱቁ ቀልዱን እንዳትዘዪ። ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ለባልሽ ለልብስ ሰፊው፣ የመድረክ ሱሪ የሚያስፈልገው ታዋቂ ሰው አለ በይልኝ። ጥርሰ ወላቃዋን፣ እስክመጣ አዲስ ጥርስ እንዳታበቅል በያት። ትንሹን ልጅሽን ድስት ሲመታ አትቆጪው፤ ዘሩ ነው።

ወንድምሽ
ከብየዳ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ኅዳር ፯ ቀን

ደብዳቤውን አጥፌ ጨርሼ መልሼ ከፈትኩት። አምስቱንም አነበብኩ ያልኩሽ ውሸት ነው። አራቱን ነው። የመጨረሻው «ቋጠሮ» ነበር፤ የመጀመሪያዋን ፊደል መምህራችን ያስተማሩ ዕለት ከሥራ መውጣት አልቻልኩም ነበር። ጭብጨባው ቀዘቀዘ፣ ላቡም የእውነት ዓይኔ ገባ። እንደ ድሮዬ ልገምት እንጨቶቹን አነሣሁና መልሼ አወረድኳቸው። ወደ ዝምተኛው ጠጋ ብዬ «ይሄን ማንበብ አልቻልኩም፣ ምን ይላል?» አልኩት። ፊቱ እንኳን አልተለወጠም። «ቋጠሮ» አለኝ፤ መታሁ።

ከመድረክ ስንወርድ፣ አለማንበቤን ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው ብዬ ጠየቅሁት። ሳፋውን ከሰነጠቅን ጊዜ ጀምሮ አለኝ። ቤዙን ከትከሻው እያወረደም፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ሥዕል ለማን ብዬ የምሥል መስሎህ ነው?»