የጓሮው ቤት መስኮት

ሪያድ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ እማ፣

ወንድሜ ሳዳም ትናንት ደውሎ የጓሮውን ቤት ከፕላኑ ላይ አጥፋው ብሎኛል።

የምጽፍልሽን በስልክ ያልነገርኩሽ እሱ የስልኩን ድምፅ ከፍቶ አብሮሽ ስለሚያዳምጥ ነው። እዚህ ዑረይጃ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ሀያት ሐሙስ ወደ አገር ትበራለች፤ ይህን በእጅሽ ትሰጥሻለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

እኔ ደህና ነኝ። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ ታድሷል፤ አታስቢ። ቢሮ የምነድፈው የሱለይ ሰፈር መጋዘኖችን ነው፤ ማታ ቤት ስመለስ ደግሞ የአያቴን ግቢ። ከፈረሰ ሃምሳ ዓመት የሆነውን ቤት ካንቺ አፍ እየሰማሁ ሣልኩት።

እንደምታውቂው በቦታው መንገድ ሊወጣ ነው። የከተማው ኮሚቴ ምትክ መሬት የሚሰጠው በፕላኑ ላይ በሚታዩት ቤቶች ለኖሩ ሰዎች ወራሾች ብቻ ነው። የጓሮው ቤት ከጠፋ እዚያ የኖሩት አገልጋዮች ልጆች፣ እነከዲጃ፣ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሳዳም ግን «የአገልጋይ ጎጆም ቤት ሆኖ ተቆጠረ? እዚያ ተቀምጠህ የአባታችንን መሬት ታድላለህ» አለኝ። አብሮኝ የሚኖረው ደረጄ ሰምቶ ሳቀ፦ «ወንድሜ፣ አራት መስመር አጥፋና ኸላስ፣ አለቀ። የነደፍከው መጋዘን እንኳ ያፈሳል፤ ማን አምኖህ!»

አንቺም ስልኩን ከሳዳም ተቀብለሽ «ያለህን አድርግ» ብለሽ ዘጋሽው።

እማ፣ ስለ አዳራሹ ስጠይቅሽ «ትልቅ ነበር» አልሽኝ፤ በቃ። ስለ ጓሮው ቤት ግን ጣሪያው የሚያፈስበትን ጥግ፣ በሩን የምትደግፉበትን ድንጋይ ሳይቀር ነገርሽኝ። የመስኮቱን ከፍታ ስጠይቅሽ «ሙቀጫ ደፍቼ እሱ ላይ ወጥቼ ነበር ውጭ የማየው» አልሽ። ሥራዬ ነውና ከሙቀጫው ተነስቼ ለካሁት። መስኮቱ ከአዋቂ ሰው ደረት አያልፍም።

«ወደዚያ ግቢ የገባሁት በሙሽርነት ነው» ስትይን አድገናል። ሙሽራ ሙቀጫ አያስፈልጋትም፤ በጓሮው ቤት ያደገች ሕፃን ግን ያስፈልጋታል።

ሌላ አልጠይቅሽም። ለሳዳምም አልነገርኩትም፤ ንገረው ካላልሽኝ አልነግረውም።

አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ። ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ በሀያት ስልክ እደውልልሻለሁ፤ ቤቱ ይቆይ ወይስ ይጥፋ፣ ሳዳም ሳይኖር ያንቺን ቃል ልስማ። ፕላኑን ፈርሜ የምልከው እሁድ ነው፤ ኮሚቴው ሰኞ ይቀመጣል። እስካሁን መስኮቱን አልነካሁትም።

ልጅሽ
ጁነዲን